ስለ አዲሱ የኃይል ሰሌዳ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሴንሰሮቹ (መለኪያዎቹ) ፕሮግራም ከሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ማለትም ከአርዱይኖ፣ በቀጥታ ኃይል የሚወስዱበትን የቀድሞውን ጥቅል መሸጥ አቁመን፣ የተለየ የኃይል ሰሌዳ ያለውን ብቻ ማቅረባችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። ዋጋው ጨምሯል፤ የቀድሞው ሽቦም ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። አስቀድመን ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አልመልሰውም። «ይህ ትርፍ ፍለጋ ነው» የሚሉ መልእክቶች ደርሰውኛል፤ ሳነባቸው ከልቤ አዝኛለሁ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ብየዳው፣ ፍተሻውና ማሸጉ ሁሉ የእኔ ነበር። ያኔ በአርዱይኖው ላይ የሚሰካው አንድ የርቀት መለኪያ ነበር፤ እሱም 15 ሚሊአምፔር ገደማ ቢወስድ ነው። ዛሬ ስድስትና ሰባት ሴንሰር ትሰካላችሁ። ከእነዚህ መካከል የጋዝ መለኪያው በውስጡ ማሞቂያ ስላለው ብቻውን 150 ሚሊአምፔር ገደማ ይፈልጋል። ሁለት ሲሆን 300 ደረሰ ማለት ነው።

ለአርዱይኖው 12 ቮልት ስትሰጡት ወደ 5 የሚያወርደው በላዩ ያለው ትንሹ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ቀናሽ)፣ የቀረውን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በ300 ሚሊአምፔር 2.1 ዋት ይሆናል፤ ያውም ጥፍር በምታክል ዕቃ ላይ! ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሣል። «ብቻውን ይጠፋል፣ ብቻውን ይነሣል» ብላችሁ ከመለሳችሁልን ሰሌዳዎች አብዛኞቹን እኔው ፈትሻቸዋለሁ፤ ሴንሰሮቹ ሲነቀሉ ጤነኞች ነበሩ።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን መጥፋቱ አይደለም፤ ሳይጠፋ የተሳሳተ ቁጥር መስጠቱ ነው። አርዱይኖው የሚለካው የራሱን 5 ቮልት መነሻ አድርጎ፣ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ስለሆነ፣ 2 ቮልት የሚልክ ሴንሰር 409 ተብሎ ይነበባል። ጭነት በዝቶ ኃይሉ ወደ 4.5 ቮልት ሲወርድ ያው 2 ቮልት 455 ይሆናል። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም፤ እናንተ ግን ባልተለወጠ ነገር ላይ ለውጥ አያችሁ። እንዲህ ያለውን ቁጥር አምናችሁ እንድትሠሩበት በስሜ አልሸጥም።

«ትልቅ ቻርጀር ብንጠቀምስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። በዩኤስቢ በኩል ፊውዙ (ፍሰት ሲበዛ የሚያቋርጠው) የተሠራው ለ500 ሚሊአምፔር ነው፤ በ12 ቮልት መግቢያው በኩል ደግሞ የሚግለው ሬጉሌተሩ እንጂ ቻርጀሩ አይደለም። ሴንሰሩን ከዲጂታል ፒን (ምልክት ከሚላክበት የአርዱይኖው እግር) የምታበሩትም እባካችሁ ተዉት። ለአንድ ፒን የሚመከረው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 40 ፈጽሞ የማይታለፍ ወሰኑ ነው።

የዕቃ መግዣችን በየጊዜው እየናረ ነው። በዋጋው ላይ የጨመርነው ግን የአዲሱን ሰሌዳ ወጪ ብቻ ነው፤ የፈተሽንበትን ጊዜ አላስከፈልናችሁም። የቀድሞውን ጥቅል የገዛችሁም አትጣሉት፤ ማገናኛ ሽቦውን በነፃ እንልክላችኋለን። የራሳችሁን የ5 ቮልት ምንጭ ብትጠቀሙም ቅር አይለኝም። ብቻ የምንጩንና የአርዱይኖውን ግራውንድ (የ0 ቮልት መስመር) አገናኙ፤ ካልተገናኙ ከሴንሰሩ የሚመጣውን ምልክት ማመን አይቻልም።

ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ጀምሮ አብራችሁን የነበራችሁ ደንበኞች አሁንም አላችሁ። ትእዛዛችሁን ከመሰረዛችሁ በፊት፣ ሴንሰሮቻችሁን ሁሉ ሰክታችሁ አንድ ሙሉ ቀን እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ። ካልረካችሁ መልሱት፤ ገንዘባችሁን ሳልከራከር እመልሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት