ለወላጆች በሙሉ፦ የልጆቻችን ምሳ ዕቃና የሀላል ነገር

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን በምሳ ሰዓት 4ኛ ክፍል ውስጥ ጠብ ነበር። አንዱ ልጅ ከዶሮ ወጡ ላይ እንቁላሉን አንስቶ ለጓደኛው ሰጠው። ጓደኛው ሙስሊም ነው። ሊጎርስ ሲል ሌሎቹ «ከበላህ ትከፍራለህ!» (ከሃይማኖትህ ትወጣለህ ማለታቸው ነው) ብለው ጮኹበት፣ ሰጪው ደግሞ «የኛ ቤት ምግብ ምን ሆነና ነው?» ብሎ ተቀየመ። መምህሯ ስትደርስ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ክፉ ያሰበ ልጅ የለም። ግን ስለ ሀላል የሚያውቁት ከዚህም ከዚያም የለቃቀሙትን ነው፣ አብዛኛውንም የሰሙት ከኛ ከትልልቆቹ ነው።

ከእንቁላሉ ልነሳ። እንቁላል በራሱ ሀላል ነው፤ ቀቅላችሁ ብትልኩ ሙስሊሙም ይበላዋል። የዶሮ ወጥ እንቁላል ግን ከዶሮዋ ጋር በአንድ ድስት ተንተክትኳል፣ መረቋን ጠጥቷል። ዶሮዋን ያረዳት ሙስሊም ካልሆነ «ሥጋውን ተወውና እንቁላሉን ብላ» ማለት አያስኬድም። ከሥጋ ወጥ ውስጥ ድንች መርጦ መስጠትም ያው ነው። ይህን ስታደርጉ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጁን ግን ጭንቅ ውስጥ ይከተዋል።

ሀላል ማለት የተፈቀደ ማለት ነው። በእስልምና ምግብ ሁሉ መነሻው የተፈቀደ ነው፣ የተከለከለው ጥቂት ነው፦ በክት፣ የሚፈስ ደም፣ የአሳማ ሥጋ፣ ከአላህ ስም ውጭ የታረደ (ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል በቀራህ 173 ላይ ታገኙታላችሁ)፣ የሚያሰክር ነገርም አብሮ ይጨመራል። ስለዚህ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ወተቱ፣ የሐይቅ ዓሣው ሁሉ ሀላል ነው። ማን ሠራው አይባልም። «ክርስቲያን የሠራውን ሙስሊም አይበላም» የሚለው በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ጥያቄው ያለው ሥጋው ላይ፣ ያረደው እጅ ላይ ነው እንጂ ወጡን ያማሰለችው እናት ላይ አይደለም።

አንዲት እናት ደግሞ «ምግቡ ላይ ዱዓ ተደርጎበት ነው አይደል ሀላል የሚሆነው?» ብለውኛል። አይደለም። የአላህ ስም የሚጠራው ሲታረድ ነው፦ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ተብሎ ጉሮሮውና የአንገት ደም ሥሮቹ በተሳለ ቢላ ይቆረጣሉ፣ ደሙ ይፈስሳል። ቢላውን እንስሳው ፊት መሳል፣ አንዱን ሌላው እያየ ማረድም የተጠላ ነው። ክርስቲያኑስ «በስመ አብ» ብሎ ባርኮ አይደል የሚያርደው? ኦርቶዶክሱም አሳማ አይበላም፣ በክት አይበላም፣ የሙስሊም እርድም አይበላም። እንግዲህ «እነሱ ይጸየፉናል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እዚህ ወሎ ውስጥ ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም ያርዳል፣ ድስቱም ጭልፋውም ይለያል፣ ተናቅሁ ብሎ የሚቀየም ሰው ግን አላየሁም። ልጆቹም ይህን እንደ ክብር እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ሱረቱል ማኢዳህ ላይ የመጽሐፉ ባለቤቶች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያን፣ ምግብ ተፈቅዷል የሚለውን ታነሳላችሁ። እውነት ነው፣ በሌላ አገር በዚያ መሠረት የሚበሉ ሙስሊሞች አሉ። በኛ አገር የቆየው ልማድ ግን የታወቀ ነው። ይህን ጉዳይ ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ይነጋገሩበት፤ የ10 ዓመት ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ የሚፈታው ነገር አይደለም።

ስለ ከረሜላ ልብ ያላችሁ ጥቂት ናችሁ። ለልደት የምትልኩት እንደ ጎማ የሚለመጠው ከረሜላ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለበት። ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው፣ ከአሳማም ይሠራል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩት። ካልገባችሁ ብስኩት ወይም ሙዝ ላኩ፣ ይበቃል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። «ከፍረሃል»፣ «ሰልመሃል» የሚሉት ቃላት ከልጆች አፍ ይጥፉ። ሳያውቅ የበላ ልጅ በእስልምና ኃጢአት የለበትም፤ ያው የበቀራህ አንቀጽ ረሃብ አስገድዶት የበላውን ትልቅ ሰው እንኳ ኃጢአት የለበትም ይላል። የሙስሊም ሥጋ ሳያውቅ የበላ ክርስቲያን ልጅም ቢሆን ጉዳዩ የወላጁና የንስሐ አባቱ ነው፣ የክፍል ጓደኞቹ አይደለም። ልጅ በጉርሻ ምክንያት ሌሊቱን ሲፈራ ማደር የለበትም።

ከሰኞ ጀምሮ ሥጋ ያለበትን ምሳ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ብቻ ይበላል፣ በራሱ ማንኪያ። የሚቀመጡት ግን እንደ ድሯቸው አንድ ላይ ነው፤ በሃይማኖት የተለየ ጠረጴዛ አይኖርም፣ እንዲኖር የጠየቃችሁም መልሴ ይኸው ነው። የጾም ምግብ መቃመስ ይችላሉ።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅታችን ዓርብ ስለሚውል ምግቡ ሙሉ በሙሉ የጾም ይሆናል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ሰላጣ። መጠጡ ውሃና ለስላሳ ነው፣ ጠላ እንዳታመጡ። የምንጀምረውም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ወጥ የምትሠሩ እናቶችና አባቶች እስከ ረቡዕ ለክፍል ኃላፊው መምህር ስማችሁን አስመዝግቡ። ልጃችሁ የማይስማማው ምግብ ካለም፣ በሃይማኖትም ይሁን በጤና፣ በዚያው ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ፣ ደሴ