ፓትሮሏ ታልፋለች እንጂ አትቆምም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐዋሳ ውስጥ አስፋልት ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ የፖሊስ ፒካፕ በበሬ ታልፋለች። መብራቷን እያብለጨለጨች፣ በዝግታ፣ ሳትቆም። የባጃጅ ልጆች «አለፈች» ይላሉ። እኛ ሰዓቷን ካወቅን ሌባው አያውቅም ማለት ዘበት ነው።

ሐይቁ ዳርና ፒያሳ ሰው አይጠፋም፣ እኔ የማወራው ስለ ውስጥ ለውስጡ ነው። ባለፈው አንዲት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ባንድ እግሯ ጫማ እየሮጠች ሱቄ ገባች። ሰርቪስ አስፋልቱ ላይ አውርዷት፣ በኮብልስቶኑ ወደ ተከራየችበት ቤት ስትገባ ስልኳን ነጥቀዋታል። ፒካፗ ካለፈች ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ውሃ ሰጠኋት፣ በስልኬ ጓደኛዋን ጠራች። ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ ስላት «ጋሼ፣ ቃል ስጪ እያሉ ያመላልሱኛል፣ አንድ ቀን ከቀረሁ ደሞዜ ይቆረጣል» አለችኝ። አላመለከተችም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያ ቅያስ ሰላም ነው። ፓትሮል የሚመደበው መዝገብ እየታየ ከሆነ ደግሞ እዚያ ማን ይላካል?

መኪና ዝም ብሎ ማዞር ብዙ እንደማይፈይድ ከታየ ቆይቷል። ካንሳስ ሲቲ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973፣ 15 የፖሊስ ቀጠናዎችን ለሦስት ከፍለው ሞክረውታል፤ በአንዱ ቅኝቱን አስቀርተው ሲጠሩ ብቻ ሄዱ፣ በሌላው እንደነበረው ተዉት፣ በሦስተኛው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጨመሩት። ወንጀሉ ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልመጣም፣ ነዋሪውም ልብ አላለውም። እዚያው አሜሪካ ፊላደልፊያ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ወንጀል የሚበዛባቸውን 60 ቦታዎች መርጠው ፖሊስ በእግር አሰማሩ። ፖሊስ በእግር ካልተሰማራባቸው መሰል ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር የኃይል ወንጀል 23 በመቶ ወረደ። ሚኒያፖሊስ ላይ ደግሞ ፖሊስ አንድ ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከቆየ፣ ከሄደ በኋላም ቦታው ለጊዜው ጸጥ እንደሚል አይተዋል።

ሐዋሳ ፊላደልፊያ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ተጨማሪ መኪና አልጠየቅኩም፣ እንዲያውም ነዳጅ ይተርፋል። ፒካፗ ትቁም፣ ሁለት ፖሊሶች ወርደው ቅያሱን በእግር ይዙሩት። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌላ ቀን አራት ሰዓት ላይ፣ ሰርቪሶቹ ሲያራግፉ። የት እንደሚቆሙ መዝገቡን ብቻ ሳይሆን ባጃጅ ነጂውን፣ ዘበኛውን፣ እኛን ባለሱቆቹን ይጠይቁ። የቱ ፖል መብራቱ እንደጠፋ በቃላችን እናውቀዋለን።

አንዴ አንድ ወጣት ፖሊስ ብስኩት ሊገዛ ወርዶ፣ ወሬ ይዞት አስር ደቂቃ ያህል በሬ ላይ ቆመ። ካላለቀው ፎቅ ስር የሚያመሹት ጎረምሶች አንድ በአንድ ውልቅ አሉ፣ ያን ማታም ተመልሰው አላየኋቸውም። ልጁ ምን እንዳደረገ እንኳ አላወቀም፣ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ብስኩቱ አሁንም አለ፣ ይምጡ።

አንድ ባለሱቅ፣ ከሐዋሳ