ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ እንዳይቀር

ለሚንጎ ካውንቲ ኮሚሽን
ዊልያምሰን፣ ዌስት ቨርጂኒያ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ አባላት፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በፖስታ ይደርሳችኋል፤ በአማርኛም ያወጣሁት ዕረፍት በመጣ ቁጥር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚነዱት የአገሬ ልጆች አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ተራሮቻችሁ ብቅ ቢሉ ብዬ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ከሰባት ሰዓት በላይ ነድተን በካውንቲያችሁ ያለችው ሜትዋን ከተማ ገባን። በድሮው ፖስታ ቤት የጡብ ግድግዳ ላይ የጥይት ቀዳዳዎቹ ዛሬም አሉ። ልጄ የጣቷን ጫፍ ባንዱ ከትታ «ማን ነው የተኮሰው?» አለችኝ። መልሱ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1920 የድንጋይ ከሰል ኩባንያው የቀጠራቸው የባልድዊን ፌልትስ መርማሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር የገቡ ማዕድን ቆፋሪዎችን ከኩባንያው ቤቶች ከነልጆቻቸው አስወጥተው ዕቃቸውን ደጅ ጣሉ። ማምሻውን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰባት መርማሪዎች፣ ሁለት ቆፋሪዎችና ከንቲባው ቴስተርማን ሞቱ። ከቆፋሪዎቹ ጎን የቆመው የፖሊስ አዛዥ ሲድ ሃትፊልድ በዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን በዌልች ከተማ ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ተገደለ። በዚያው ወር መጨረሻ አሥር ሺህ ያህል ቆፋሪዎች አንገታቸው ላይ ቀይ መሐረብ አስረው ወደ ብሌይር ተራራ ዘመቱ። ይህን ሁሉ በ2015 በተከፈተው የማዕድን ጦርነቶች ሙዚየም አየን። ዊልያምሰን ላይ ደግሞ በ1933 ከ65 ቶን የድንጋይ ከሰል የተሠራውን ቤት ዞርነው። ልጄ «ክብሪት አይወድቅበትም?» ብላ አሳቀችን፤ ለካስ በ2010 በእርግጥም ተቃጥሎ የታደሰ ነው።

ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሌላ ሙዚየም ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የማንም አይደለም። በሩ ተቆልፏል፤ በእጅ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፤ ስልካችን ደግሞ በዚያ ሸለቆ አይሠራም። ልንመለስ ስንል ከፊት ለፊቱ በረንዳ አንዲት እናት ጠርተውን በቤታቸው ስልክ ደወሉልን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ባለቁልፉ መጡ፤ ጡረታ የወጡ ማዕድን ቆፋሪ ናቸው። ሦስት ደረጃ ወጥተው ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ከፈቱ። ስለ ሳንባቸው አልጠየቅኋቸውም።

ከመስታወቱ ሣጥን አንዲት መሐሏ የተበሳች ሳንቲም አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ቆፋሪዎች በደመወዝ ፈንታ የሚቀበሏት፣ ከኩባንያው ሱቅ ውጭ እምብዛም የማትሠራ ገንዘብ። እኔም አያቶቼ በአሞሌ ጨው ይገበያዩ እንደነበር ነገርኳቸው። «በየትኛውም ገበያ ይሠራ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ጨዋችሁ ይሻላል» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አባታቸው ከዚያች ሳንቲም ስንቷን ቆጥረው ጫማ እንደገዙላቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የትም ተጽፎ አላየሁም።

በ1950 ከ47,000 በላይ የነበረው የካውንቲው ሕዝብ በ2020 ወደ 23,500 ወርዷል። በጀታችሁ ስስ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሕንፃ ሥሩም አልልም። የምለምናችሁ አንድ ወጣት እንድትቀጥሩ ነው፤ የካውንቲው ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ የግማሽ ቀን ሥራም ይበቃል። የትንንሾቹን ሙዚየሞች ትርፍ ቁልፍ ይያዝ፣ የሚከፈቱበትን ቀንና ሰዓት በአንድ ወረቀት አትሞ በየነዳጅ ማደያው ይለጥፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ እኒህ አዛውንት ካሉት ፊት መቅረጸ ድምፅ ይዞ ይቀመጥ። ከድንጋይ ከሰል ቀረጥ ወደ ካውንቲዎች የሚመለስ ድርሻ አለ። ከሱ ጥቂቷ ለዚህ ብትውል ከሰሉን ላወጡት ሰዎች የሚገባ ነው።

በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ከሦስት ቤተሰብ ጋር እንመለሳለን። በየትኛው ቀን ብንመጣ በሩ ክፍት እንደሚሆን ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጎብኚ