የተቃጠለ ዘይት ለመኪና እግር መድኃኒት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ሲወጣ በባሕር ዳር ላቫጆዎች ሰልፉ ይረዝማል። ከፎገራ ጥቁር ጭቃ፣ ከሜጫ ቀይ አፈር የተመለሰው ሚኒባስና ፒክአፕ ሁሉ ሆዱን ይታጠባል፤ ቀጥሎም «ዝገት እንዳይበላው» ተብሎ የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ይረጭበታል። በመኪና እግር፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኘው ክፍል፣ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ይህ ልማድ እንዲቀር እንጠይቃለን። ርጭቱ ብረቱን ለጥቂት ሳምንት ያወዛዋል፤ መገጣጠሚያዎቹን የሚጠብቀውን ጎማ ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ኋላም ይበጥሰዋል። ትርፉ ዘይት ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ወዴት እንደሚወርድ ከተማችንን ለሚያውቅ አይነገረውም። ሐይቁ እምቦጭ አልበቃው ብሎ!

ጎማው የተያዘበትን ክፍል ከእግሩ ክንድ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንትም ሆነ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ቴስቲና አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የብረት ፒን መቀመጫው ውስጥ ይዞራል፤ መሀላቸው ግራሶ አለ፤ ውጩን ቀጭን የጎማ ሽፋን ይዞታል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ሽፋኑ ነው። አንዴ ከተሰነጠቀ ውኃ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ደቃቅ አፈር ይገባና ከተረፈው ግራሶ ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ድቡልቡሉን ይፍቀዋል። ከዚያ በኋላ መላላት፣ ጉድጓድ ላይ ኳ ኳ ማለት፣ የመኪናውን ጎማ በአንድ ወገን መብላት ይከተላል። ቸል ከተባለ ፒኑ ከመቀመጫው ይወጣና እግሩ ይታጠፋል፤ ይህ በፍጥነት ላይ ሲደርስ መሪ የሚባል ነገር አይኖርም።

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አብዝተው የሚያስጠነቅቁት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው ነው። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት፣ ያ ጥቁር አፈር እርጥብ እያለ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠነክራል። በሽፋኑ እጥፋቶች መካከል ደርቆ የቀረ ጭቃ መሪው በዞረ ቁጥር ሽፋኑን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ የዋለ መኪና ሳይደርቅበት በዚያው ቀን ይታጠብ፤ በውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ናፍጣና ቤንዚን የጎማ ሽፋኑ ዘንድ አይድረሱ። በግፊት የሚረጨውን ቱቦ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቆ መያዝ፣ የሽፋኑ ከንፈር ላይም አለማነጣጠር ነው። ውኃው በከንፈሩ በኩል ከገባ ከሽፋኑ ሥር ተቀምጦ ብረቱን ያዝገዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አልሆነም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። በሌሎቹ ጎማዎች ታኮ አድርጎ፣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ክሪኩን ብቻ ሳያምኑ መደገፊያ ማስገባት። ሽፋኑን በጣት ጫን እያሉ እጥፋቶቹን ከፈት አድርገው ይዩ፤ ዙሪያው ቅባት የያዘ አፈር ካለበት ተቀዷል ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፤ የሚጫወት ከሆነ ረዳት ፍሬን ይርገጥ። ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ። ግራና ቀኝ ይዞ ሲነቀነቅ የሚጫወት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቴስቲና ነው። ሞላው ወይም በሞላ ፈንታ የሚሠራው የቶርሽን ዘንግ በታችኛው ብራቾ (እግሩን በሚይዘው ክንድ) ላይ ያረፈ መኪና ክሪኩ ከዚያው ብራቾ ሥር፣ ወደ ጎማው ቀረብ ብሎ መግባት አለበት፤ አለዚያ ሸክሙ መገጣጠሚያውን ወጥሮ ስለሚይዘው የላላውም ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ኒፕል (ግራሶ የሚሰጥበት ትንሽ አፍ) ላላቸው መገጣጠሚያዎች የሚስማማው ቁጥር 2 የሊቲየም ግራሶ ነው፣ ለከባድ ጫና የተሠራው «ኢፒ» የሚባለው፤ ሞሊብዲነም ቢኖርበት ይመረጣል። ሰማያዊም ሆነ ቀይ፣ ቀለሙ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። የኒፕሉን ጫፍ በጨርቅ ጠርጎ፣ በእጅ ፓምፕ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰጥቶ፣ ሽፋኑ በጥቂቱ ነፋ ሲል ማቆም። በኮምፕሬሰር የሚሠራው ፓምፕ ሽፋኑን በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል፤ ከዚያ በኋላ የገባው ግራሶ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። አስፋልት ለሚውል መኪና በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ጠጠርና ጭቃ ለሚውል በግማሹ።

ሽፋኑ በቅርቡ ተቀዶ መገጣጠሚያው ገና ካልላላና ግራሶው ውስጥ አሸዋ ካልገባ፣ ሽፋኑን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሲገዙ የአንገቱን፣ የሥሩንና የቁመቱን ልክ ይዘው ይሂዱ። ፒኑን በፑለር (ገፍቶ በሚያወጣው መሣሪያ) ማላቀቅ ይገባል፤ ሹካ መሰሉ ማላቀቂያ ሽፋኑን ራሱ ስለሚቀድ ለአሮጌ ዕቃ ብቻ ይሁን። አሮጌውን ግራሶ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ አዲስ መሙላት፣ ሽፋኑንም ግማሽ ያህል፤ ከዚያ ሽፋኑን የሚያስረውን ቀለበት በቦታው ማስቀመጥ። ዳዶው ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይጥበቅ፤ በብዙ ኮሮላዎች የቴስቲናው 49 ኒውተን ሜትር ነው። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ወደፊት ጨምሮ ማጥበቅ እንጂ ወደኋላ ማላላት የለም። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። ቴስቲናው ራሱ ከተቀየረ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) ሳያስተካክሉ መንዳት አዲስ ጎማ መጣል ነው።

ለባጃጅ ነጂዎች፦ ከኋላ ሁለት አክሰሎች ላይ ያሉትን የጎማ ሽፋኖችም በዚሁ ዓይን እዩአቸው።

ጋራዦች ውስጥ በየቀኑ የምናየው ሌላው ጥፋት ጎሚኒ፣ ብራቾው በሚታሰርበት ቦታ ያለው ጎማ፣ ላይ ነው። የብራቾው ቡሎን እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ቡሎኑን ለጊዜው ሳያጠብቁ አስገብቶ፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ፣ የመጨረሻውን ማጥበቅ ያኔ ማድረግ ነው። ሲንጫጫም ግራሶ አይቀባም፤ የሲሊኮን ቅባት ይበቃዋል።

ለዓመታዊ ምርመራ ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ አለን። ቦሎ ከመሰጠቱ በፊት የእነዚህ ሽፋኖች መሰንጠቅ በቅጹ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ሆዱ በዘይት ተረጭቶ የቀረበ መኪናም ታጥቦ ይምጣ ተብሎ ይመለስ። ቅባት የለበሰ ሽፋን ተቀዶ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም።

የመኪና እግር ሥራ ባለሙያዎች
ከባሕር ዳር