ስለላክሻቸው ሁለት ጠርሙሶች

ጅማ፣ ጥቅምት

ሚጡዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት እንደ ልማዱ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጓሮ ያለው ቡና መቅላት ጀምሯል።

ዕቃው ደርሷል። ነጠላው ልክ ነው፤ የአባትሽ ጫማ ግን ጠቦታል። የምጽፍልሽ ግን ስለ ሁለቱ ጠርሙስ ቫይታሚን ኢ ነው። አስበሽልን ነውና ተባረኪ። እኔ ግን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ። አባትሽ እንዳያቸው «ለልብ ነው አይደል?» ብሎ ክዳኑን ሊከፍት ሲል ነው ከእጁ የነጠቅኩት። ነጻ መድኃኒት አይቶ አያልፍም፣ ታውቂዋለሽ።

ጠርሙሱ ላይ 400 አይዩ ይላል፤ አይዩ የቫይታሚን መለኪያ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው። አንዷ ካፕሱል በፋብሪካ የተቀመመው ዓይነት እንኳ ብትሆን የዚህን 12 እጥፍ ትይዛለች። ከፍተኛው ገደብ 1000 ሚሊግራም ስለሆነ በአንድ ቀን ምንም አትሆኚም፣ አልዋሽሽም። ጣጣው በየቀኑ ለዓመታት ሲዋጥ ነው። ሴሌክት የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር፤ ከ35 ሺህ በላይ ጎልማሳ ወንዶች የገቡበት። ካንሰር ይከላከል እንደሆነ ብለው ለአንዳንዶቹ ልክ ይቺኑ 400 አይዩ በየቀኑ ሰጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲወጣ ቫይታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ባዶ እንክብል ከዋጡት በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። አባትሽ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ለምን እንደነጠቅኩት ገባሽ?

ሌላም ምክንያት አለኝ። ነግሬሽ አላውቅም። ፋርማሲ በጀመርኩ ሰሞን አያትሽ ለልቧ ዋርፋሪን ትወስድ ነበር፣ ደም የሚያቀጥነውን። እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ «ያበረታሻል» እያልኩ ቫይታሚን ኢ ጨመርኩላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ጥርሷን በመፋቂያ ስትፋቅ ድዷ መድማት ጀመረ። አልቆም አለ። ነጭ ነጠላዋ ጫፉ ቀይ ሆኖ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ሐኪሙ ሌላ ምን እንደምትወስድ ሲጠይቃት ዝም ብላ እኔን አየችኝ። ቫይታሚን ኢ ሲበዛ ደም የሚያረጋውን የቫይታሚን ኬን ሥራ ያውካል። ይሄን ተምሬው ነበር እኮ! እሷ ተረፈች፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምክንያት ለማንም አልሰጥም።

ቫይታሚኑን ጠልቼው እንዳይመስልሽ። የኑግ ዘይት መስኮት ላይ ረስተሽው ሽታው ሲለወጥ አይተሻል አይደል? ሰውነታችን ውስጥም የእያንዳንዱ ሴል ሽፋን ከቅባት የተሠራ ነው፤ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት ነገሮች እንደዚያው ያበላሹታል። ቫይታሚን ኢ መሐል ገብቶ ምቱን ራሱ ይቀበላል። የተጎዳውን ደግሞ ቫይታሚን ሲ መልሶ ይጠግነዋል። እንዲህ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። ለረጅም ጊዜ ከጎደለ ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይዛባል። ግን ይሄ የሚደርሰው በአብዛኛው ቅባት መፍጨት በማይችል ሰው ላይ ወይም በዘር በሚተላለፍ ችግር ነው። ጤነኛ ሰው ከሚበላው ያገኘዋል።

መጀመሪያ የተገኘውም በአይጦች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ኢቫንስና ቢሾፕ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳደጓቸው አይጦች ያረግዛሉ፣ ግን ጽንሱ አይጸናም። ሰላጣ ሲጨምሩላቸው ወለዱ! ቶኮፌሮል የሚለው ስም ከግሪክኛው «መውለድ» የመጣውም ለዚህ ነው። እዚህ ሰፈር አንዳንድ ሴቶች ልጅ ያሰጣል ብለው ሲገዙት አያለሁ። «አይጥ አይደላችሁም» አልላቸውም መቼም።

አንቺም እንደምትወስጂው ጠርጥሬያለሁ። ለፋሲካ ስትመጪ ካፕሱሏን በመርፌ ወግተሽ፣ ያቺን ወፍራም ቢጫ ጠብታ ፊትሽ ላይ ስትቀቢ አይቼሻለሁ። ጠባሳ ያጠፋል የሚባለው አልተረጋገጠም። አንዳንዱን ሰው እንዲያውም ያሳክከዋል። በባዶ ሆድ በሻይ የምትውጪው ከሆነ ደግሞ ብርሽን ነው የምትውጪው። በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም።

ይልቅ አንድ እፍኝ የፈረንጅ ሱፍ ፍሬ፣ ያ ቢጫው አበባ፣ ወደ 7 ሚሊግራም አለው። የቀንሽ እኩሌታ ማለት ነው። ለውዝም አለው፣ ያነሰ ቢሆንም። ግማሽ አቮካዶ ወደ 2 ይሰጣል፤ ጅማ ተወልደሽ አቮካዶ በካፕሱል መተካትሽ ነው የሚገርመኝ። ጎመኑንም ዘይት አታሳጪው።

አሁን ሱፍ አምሼ ወቅጬልሻለሁ፤ በውሃ በጥብጠሽ አጥልይውና ፍትፍት አድርጊው። አቮካዶው ገና ጥሬ ነው፣ ጋዜጣ ጠቅልለሽ ሦስት ቀን አቆይው። ካርቶኑ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጣል። ረዳቱ ሲደርስ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን አታጥፊ።

እናትሽ