ምድር ቤት ለሌለው ጎንደሬስ?

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ኒውክሌር ስጋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «ምድር ቤት ግቡ» ይላል፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ማለቱ ነው፣ በቃ። እሺ፣ ጎንደር ውስጥ ግን ምድር ቤት ያለው ስንቱ ነው?

ቦምብ እኛ ላይ ይወድቃል እያልኩ አይደለም። ከፍንዳታው የሚነሳው ጨረር ያዘለ ብናኝ ግን ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። አሜሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ቢኪኒ ላይ ያፈነዳችው ቦምብ አመዱ የዘነበው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ሮንጌላፕ ደሴት ሰዎች ላይ ጭምር ነው።

ጨረሩን በግማሽ ለመቀነስ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ያህል የተጠቀጠቀ አፈር ያስፈልጋል። ቆርቆሮ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያግድም፣ ጭራሽ ብናኙ የሚያርፈው እሱው ላይ ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ነዋሪ ጊዜ ካገኘ ጎረቤት ያለ ፎቅ ወይም ፒያሳ ያሉትን የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ያስብ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ደግሞ የላይኛውንም የታችኛውንም ወለል ትቶ መሃል ላይ፣ ከመስኮት የራቀ ኮሪደር ይፈልግ። አንድ ወዳጄ «ፋሲል ግንብ እንገባለና!» አለኝ። ግድግዳውስ ወፍራም ነበር፣ ግን ከግንቦቹ ስንቶቹ ጣሪያ አላቸው?

መሄጃ ከጠፋ ቤቱ መሃል ጠንካራ ጠረጴዛ አስቀምጦ ዙሪያውን አፈር በሞላ ማዳበሪያ፣ በእህል ጆንያና በጀሪካን ማጠር ነው። ውሃም እኮ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ጨረሩን በግማሽ ይቀንሳል፣ ውሃ በፈረቃ ለለመደ የጎንደር ሰው ደግሞ ቢጫ ጀሪካን መደርደር አዲስ ነገር አይደለም። ከላይም መጫን ያስፈልጋል፣ ጠረጴዛው እስከቻለ ድረስ ብቻ፤ ተንዶ ቢጨፈልቀን ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ በኋላ አለመውጣት ነው። ፍንዳታው 7 ሰዓት ሲሞላው ጨረሩ በአንድ ሰዓቱ ከነበረው ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል፣ በ49 ሰዓት ወደ አንድ መቶኛ። ቢያንስ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት መቻል ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት የቀረበት ወላጅ ይህን እንዴት ይችላል፣ እሱን እኔም እንጃ። ውጭ የቆየ ሰው ጋቢውንና ጫማውን በር ላይ አውልቆ ፌስታል ውስጥ ይቋጥር፣ ፀጉሩንም በሳሙና ይታጠብ። አዮዲን ኪኒን የሚጠቅመው አንገት ላይ ላለው ታይሮይድ ዕጢ ብቻ ስለሆነ በእሱ ተማምኖ ደጅ መዞር አያዋጣም።

አንድ ዘጋቢ ልካችሁ ከተማችን ውስጥ ምድር ቤት ያላቸው ሕንፃዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ቁልፋቸውም ማን ጋ እንዳለ ጠይቃችሁ ብታወጡልን ከዚያ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅመናል።

አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ፣ ጎንደር