ዛፉን ለምን ጣሉት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ! እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አምስታችንም ደህና ነን። አዎ፣ አምስት ሆነናል። ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያወራን ጊዜ ትንሹ አልተወለደም ነበር፣ አሁን ወንበር ላይ እየወጣ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ይውላል።

ከዚያ ወዲህ የተባባልነው ሁሉ «እንዴት ነሽ»፣ «ደህና»፣ በበዓል ደግሞ የአበባ ሥዕል ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደዋል፣ ቡናዬን አጠገቤ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። ስለ ዘንድሮው ገና ልንገርሽ። ደስታዬን ካንቺ ሌላ ማን ይረዳልኛል?

መጀመሪያ የዚህን አገር ነገር ልንገርሽ። አዲስ አበባ ገና በራሱ ይመጣል። አንቺ ምንም ባታደርጊ በጉ በመንገድ ይነዳል፣ ጎረቤት ሽንኩርት ይከትፋል፣ ቄጤማው በየመንገዱ ዳር ይቆለላል፣ ልጆችሽ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። እዚህ በራሱ የሚመጣው የእነሱ ነው። ተርኪ ከሚበሉበት የምስጋና በዓላቸው ከታንክስጊቪንግ ማግስት ጀምሮ ሱቁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጎረቤት ጣሪያ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይቀር ስለ ገና ብቻ ያወራል። ከዚያ ዲሴምበር 25 ያልፍና ሁሉም ነገር በአንዴ ጭጭ ይላል። የእኛ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሒሳብ እየተማሩ ነው፣ እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቻችን በዓሉን ወደ ቅዳሜ ገፋ እናደርገውና ተሰብስበን ዶሮ በልተን እንለያያለን። እኔ ግን ዘንድሮ በቀኑ ይሁን አልኩ። ረቡዕ፣ ሙሉውን ቀን፣ አምስታችንም ቤት ውለን።

ባለቤቴ «እንዴት ይሆናል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሆስፒታል የምንሠራ ሐበሾች ግን አንድ የቆየ ዘዴ አለን። በእነሱ ገና እኛ እንገባላቸዋለን፣ በእኛ ገና እነሱ ይገቡልናል። እኔ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ጋር ተቀያየርኩ። እሷም ትንንሽ ልጆች አሏት፣ በዓሉን ከእነሱ ጋር መዋል ትፈልጋለች። ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ ስለሚወጣ ጉዳዩን የጨረስነው በጥቅምት ነው። ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ ደግሞ ወቅቱ የሥራው ወቅት ነው፣ ሰው ሁሉ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ዱለስ ኤርፖርት ይጎርፋል። ቀን እኔ፣ ሌሊት እሱ፣ በር ላይ ልጅ እየተቀባበልን ነው የከረምነው። ድካሙ ድካም ነው፣ ግን ረቡዕ አለ እያልን እንበረታ ነበር።

አሁን ስለ ትልቁ ልንገርሽ። ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላው። ንስሐ አባታችን ልጅ ከሰባት ዓመት ጀምሮ እንደሚጾም ሲናገሩ ሰምቶ «እኔም እጾማለሁ» አለ። የገና ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28፣ 44 ቀን መሆኑን ነገርኩት፣ ጸንቶ ቀረ። ቁርሱን ይብላ፣ ሥጋና ወተት ብቻ ይተው ተባባልን። እዚህ አገር ይሄ ቀላል እንዳይመስልሽ። የትምህርት ቤቱ ምሳ ፒዛ ነው፣ ቸኮሌት ወተት ነው። ታንክስጊቪንግ ራሱ የዋለው ጾሙ በገባ በሳምንቱ ውስጥ ነው። እኔ በምሳ ዕቃው ፍርፍር ስቋጥርለት ልጆቹ ምን ይሉት ይሆን እያልኩ እሳቀቅ ነበር፣ እሱ ግን ምንም አላለኝም።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ክፍላቸው ውስጥ ድግስ ተደረገ። ማታ ቦርሳውን ስከፍት በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ትንሽዬ ኬክ ናት፣ ላይዋ አረንጓዴ ክሬም ነው፣ ግማሹ ሶፍቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «ለገና ያስቀመጥኩት ነው» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ሲበሉ እሱ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። ያዘዘው ሰው የለም፣ ያየው ሰው የለም። እኔም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሳይተኛ በፊት ፍሪዘሩን ከፍቶ አይቷት ይዘጋል። እህቴ፣ ያን ማታ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት።

ሚሚ ደግሞ አራት ዓመቷ ነው። እኛ የፕላስቲክ ዛፍ አለን፣ ገና ሳያልፍ አናወርደውም። ጎረቤቶቻችን ግን አዲስ ዓመታቸው እንዳለፈ እውነተኛውን ጥድ አውጥተው መንገድ ዳር ያጋድሙታል፣ የካውንቲው፣ የአካባቢያችን አስተዳደር መኪና መጥቶ ይሰበስበዋል። ከመዋዕለ ሕፃናት ይዣት ስመጣ መንገዱ ሁሉ የተጋደመ ዛፍ ነው። ቀጥ ብላ ቆመች። «እማዬ፣ ዛፉን ለምን ጣሉት? በዓሉ'ኮ አልደረሰም!» አንዱን በቅርንጫፉ ይዛ መጎተት ጀመረች፣ ቤት እንውሰደው ብላ። የእነሱ አልፏል፣ የእኛ ነው የቀረው አልኳት። «ታዲያ ለምን አልነገርናቸውም?» አለች። ምን ልበላት? አንዲት ቅርንጫፍ ሰብረን ይዘን ገባን። አሁንም መስኮቱ ላይ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አለች።

ትልቁ ምክንያቱን ካልነገሩት አይለቅም። አባቱ የእኛንና የእነሱን የቀን መቁጠሪያ ፍሪጁ ላይ ጎን ለጎን ለጥፎ አስረዳው። በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ አቆጣጠሩን ሲያስተካክሉ በአሮጌው የቀጠሉ አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸውን፣ የጥንቱ ዲሴምበር 25 አሁን 13 ቀን ዘግይቶ ጃንዋሪ 7 ላይ እንደሚውል ነገረው። ልጁ ይሄን ይዞ ሄዶ ለአስተማሪው አወራላት፣ እሷም ለክፍሉ ንገር አለችው። ሲናገር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እኛም እንደዚያ ነን» አለ። ለካ ግብፃዊ ነው፣ የቅብጥ ኦርቶዶክስ! እስከዚያን ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይተዋወቁም ነበር። ረቡዕ ሁለቱም ከትምህርት ቤት ቀሩ። ለሃይማኖት በዓል መቅረት ይፈቀዳል፣ አጭር ማስታወሻ መላክ ብቻ ነው። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩት ጽሑፍ በአማርኛም ስለሚመጣ እማማ እንኳ እዚህ ቢሆኑ ያነቡት ነበር።

የማክሰኞውን ሥራ አልዘረዝርልሽም፣ ታውቂዋለሽ። ሽንኩርቱን በማሽን ፈጨሁት፣ ሚሚ እንቁላሎቹን እየቆጠረች ላጠች፣ ድፎውን በሙዝ ቅጠል ጋገርኩት። ኮባ እዚህ ስለማይገኝ ቅጠሉን ከእስያውያን ሱቅ በበረዶ የተቀመጠውን እንገዛለን። ሽታው የእማማን ቤት አያህልም፣ ግን ይቀርበዋል።

ማታ አምስታችንም ነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ልጆቹ ገና ማኅሌቱ ሳይሟሟቅ ምንጣፉ ላይ ካፖርት አንጥፈንላቸው ተኙ። ዙሪያውን እንደ እነሱ የተኛ ልጅ ሞልቷል፣ እናቶች በመሐላቸው ቆመው ያስቀድሳሉ። ከበሮው ሲመታ ትንሹ ብድግ ብሎ በእንቅልፍ ልቡ ያጨበጭብና ተመልሶ ይተኛል። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው ሳይሞቅ ትልቁ «አሁን ይፈታል?» አለ። ቤት ደርሰን ኬኳን አወጣንለት። ቢላዋውን አንስቶ ቆም አለና «ግን ዛሬ ረቡዕ አይደል?» አለኝ። ገናና ጥምቀት ረቡዕም ይዋሉ ዓርብ ይበላባቸዋል አልኩት። ተነፈሰ። አምስት ቦታ ቆረሳት። ለእያንዳንዳችን የአውራ ጣት ያህል ደረሰን፣ ደርቃለች፣ ክሬሙም ጠንክሯል። ከዚያ የጣፈጠ ነገር አልበላሁም።

ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልን። በቴሌቪዥን ከላሊበላ ቤዛ ኵሉን አየን፣ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ ላይና ከታች ሆነው ሲቀባበሉ ሚሚ አፏን ከፍታ ቀረች። ከሰዓት አባታቸው የፕላስቲክ የሆኪ ዱላ ገዝቶ ስለነበር ሜዳ ወጥተን ገና ተጫወትን። ትንሹ ኳሷን ትቶ የአባቱን ቅልጥም መታው። ባለቤቴም እያነከሰ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ፣ ልጆቹ እስካሁን ይደጋግሟታል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፣ አንዱን ምረጡላቸው ይሉናል። እኔ አልስማማም። ግራ የተጋባ ልጅ አላየሁም። ቅዳሜ ላይ ስናደርገው ለልጆቹ እንደ ማንኛውም የእንግዳ ቀን ነበር። በቀኑ ስናደርገው ግን ትምህርት ቀርቶለት፣ ሥራ ቆሞለት፣ ሌሊት ተነቅቶለት ነው፣ ልጅ ደግሞ ይሄን ያያል። ከእንግዲህ አቅማችን እስከቻለ በቀኑ ነው።

ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ይውላል፣ ዘንድሮ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ስለገጠመ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ፈቃድ መጠየቅም የለብን። ካንቺ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ከበርበሬው ጋር አንድ እውነተኛ የገና ዱላ ላኪልኝ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን። እማማን ደግሞ ስልክሽን አስጠግተሽ በልጅነታቸው ገና እንዴት ይከበር እንደነበር አስወሪልኝ። ቢረዝምም አትቁረጪው፣ ማታ ማታ እያስተኛኋቸው አሰማቸዋለሁ።

ቅዳሜ በእናንተ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ልጆችሽም አጠገብሽ ይሁኑ፣ ሚሚ ስለ ዛፉ ልትጠይቃቸው ትፈልጋለች።

የምትወድሽ እህትሽ